በቤት የተሠራ ፕሌነም ሱፐርቻርጀር ባለው ፒካፕ ላይ እንዴት ይፈተሻል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ፒካፕ የገዛ ሰው አንድ ቀን ኮፈኑን ከፍቶ "ይቺን የአየር መግቢያ ሳጥን፣ ፕሌነሟን፣ አስፍቼ ራሴ ብሠራትስ?" ማለቱ አይቀርም። ላሜራ ቆርጦ ማስበየዱ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የተሠራው ዕቃ በእርግጥ መጥቀሙን ማወቅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለዚሁ ናቸው።

ለምሳሌ የያዝኩት ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግን ነው። በኋላ የመጣውን በባትሪ የሚሄደውን ማለቴ ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2004 የተሠራውን ባለ 5.4 ሊትር ቪ8 ነው። ላዩ ላይ ኢተን ኤም112 የሚባል ሱፐርቻርጀር አለው። ሲወጣ 360 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከ2001 ጀምሮ 380 ሆነ። ቡስቱ፣ ማለትም ሱፐርቻርጀሩ ከውጭው አየር በላይ የሚጨምረው ግፊት፣ ከፋብሪካ 8 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። በቤት የተሠራ ፕሌነም ለመሞከር እንዲህ የሚመች መኪና ብዙ የለም፤ ፕሌነሙ ለብቻው የሚፈታ ዕቃ ስለሆነ የፋብሪካውንና የራስን እያቀያየሩ ማወዳደር ይቻላል።

ፕሌነም የሚባለው የትኛው ክፍል ነው?

አየር በፊልትሮ ይገባል። የሚገባውን አየር በሚቆጥረው ማፍ ሴንሰር አልፎ፣ በነዳጅ ፔዳሉ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ያለው ስሮትል ቦዲ ጋ ይደርሳል። ከስሮትል ቦዲ ወጥቶ ሱፐርቻርጀሩ አፍ እስኪደርስ የሚያልፍበት የአልሙኒየም ሳጥን አለ፤ እዚህ ላይ ፕሌነም የምንለው እሱን ነው። ከዚያ በኋላ አየሩ በሱፐርቻርጀሩ ሮተሮች ይገፋል፣ ከሥሩ ባለው በውሃ በሚቀዘቅዝ ኢንተርኩለር (የአየር ማቀዝቀዣ) ውስጥ ያልፋል፣ ወደ ሲሊንደሮቹ ይወርዳል።

ሰው ለምን ራሱ ይሠራዋል?

የፋብሪካው ፕሌነም ኮፈን ሥር እንዲገባ ተብሎ የታጠፈ ስለሆነ አየሩን እንደልብ አያሳልፍም ተብሎ ይታማል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ደግሞ ዋጋው ይቆነጥጣል። አርጎን ብየዳ የሚችል ወይም የሚችል ጓደኛ ያለው ሰው እጁ ይበላዋል። እኔ በዚህ ምንም ተቃውሞ የለኝም፤ በራስ እጅ ሠርቶ መፈተሽን የመሰለ ሞተር የሚያስተምር ነገር አላውቅም።

ፕሌነሙ ውስጥ ያለው ግፊት ነው ወይስ መምጠጥ?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሱፐርቻርጀር ስላለ ሁሉም ነገር በቡስት የተነፋ ይመስለናል። ላይትኒንግ ላይ ግን ፕሌነሙ ያለው ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ነው። ስለዚህ ይመጠጣል እንጂ አይነፋም።

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሆኖ ሲሠራ ውስጡ ያለው ቫኪዩም ወደ 60 ኪሎፓስካል ይጠጋል። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። 10 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ክዳን ብታስቡ፣ ከ120 ኪሎ በላይ ክብደት ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ነዳጅ ስትሰጡ ጫናው ይለቀቃል፣ እግራችሁን ስታነሱ ይመለሳል። ክዳኑ ቀጭን ላሜራ ከሆነ ጫናው በተለዋወጠ ቁጥር ገባ ወጣ ይላል። ውሎ አድሮ ብየዳው ጥግ ጥጉን ይሰነጠቃል።

ከመምጠጡ የተነሣ ሌላ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ቀዳዳ ካለ አየር አይወጣም፤ ይገባል። የሚገባው አየር ማፍ ሴንሰሩ ያልቆጠረው ነው። ኮምፒውተሩ ስለማያውቀው ነዳጅ አይመድብለትም፣ ድብልቁም ይሳሳል። ሁለተኛ፣ ውስጡ የቀረ ማንኛውም ፍርፋሪ መሄጃው አንድ ብቻ ነው፤ ሮተሮቹ መሃል። ስለዚህ የፍተሻው ቅደም ተከተል በራሱ ጊዜ ይወጣል። መጀመሪያ አለማስገባቱ፣ ቀጥሎ ንጽሕናው፣ ቀጥሎ የግፊት ኪሳራው ይታያል። የፈረስ ጉልበት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ጠባብ ፕሌነም ምን ያህል ያስከፍላል?

ሱፐርቻርጀሩ በየዙሩ የሚወስደው የአየር መጠን ቋሚ ነው። ኤም112 ሲባል በአንድ ዙር 112 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 1.8 ሊትር ገደማ ማለት ነው። የሚወስደው አየር ስስ ከሆነ፣ የሚያወጣውም በዚያው ልክ ይሳሳል።

በባሕር ወለል ከፍታ ላይ የውጭው አየር 14.7 ፒኤስአይ ነው። 8 ፒኤስአይ ቡስት ሲጨመር 22.7 ይሆናል። ይህ የመጀመሪያው 1.54 እጥፍ ነው። አሁን መግቢያው ላይ 1 ፒኤስአይ ጠፋ እንበል። 13.7 በ1.54 ሲባዛ 21.1 አካባቢ ይመጣል። ቡስቱ ወደ 6.4 ወረደ ማለት ነው። መግቢያ ላይ የጠፋችው 1 ፒኤስአይ መውጫ ላይ 1.5 ሆና አረፈች። የመግቢያውን መንገድ መሥራት የሚያጓጓው በዚህ ምክንያት ነው።

ይኸው ስሌት ግን ገደቡንም ያሳያል። ፕሌነሙ ብቻውን የሚያጠፋው 1 ኪሎፓስካል ከሆነ፣ ጨርሳችሁ ብታስወግዱት እንኳ የምታገኙት 1.5 ኪሎፓስካል ነው። ሞተሩ ከሚገባለት 156 ኪሎፓስካል ውስጥ ይህ 1 በመቶ ገደማ ነው። ከ380 የፈረስ ጉልበት ላይ 4 አካባቢ ቢጨምር ነው።

ታዲያ ከመሥራቴ በፊት ምን ልለካ?

የፋብሪካውን ለኩ። እባካችሁ መጀመሪያ የፋብሪካውን ለኩ! ግራይንደር ከመነሳቱ በፊት የግፊት ኪሳራው የት እንዳለ መታወቅ አለበት። ኪሳራው ፊልትሮው ላይ ወይም ስሮትል ቦዲው ላይ ሆኖ ሳለ፣ ቅዳሜ ከእሑድ ፕሌነም ሲያስበይዱ የሚውሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

መለኪያ ቦታዎቹ አራት ናቸው፦ ከፊልትሮ በኋላ፣ ከማፍ ሴንሰር በኋላ፣ ከስሮትል ቦዲ በኋላ፣ እና ሱፐርቻርጀሩ አፍ ጋ። በእያንዳንዱ ቦታ ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይገጠማል። ቀዳዳው ከአየሩ አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ። ውስጥ በኩል ያለው ጠርዙ ላይ የመሰርሰሪያ እሾህ አይቅር። አየር ዞሮ የሚመታው የመታጠፊያው ውጪኛ ጎን ላይም አትብሱ፤ እዚያ የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ይበልጣል። የራሳችሁን ፕሌነም ስትሠሩ ደግሞ መለኪያው ከሱፐርቻርጀሩ አፍ የሚኖረው ርቀት በፋብሪካው ላይ ከነበረው ጋር አንድ ይሁን፤ ካልሆነ ሁለት የተለያየ ነገር እያወዳደራችሁ ነው።

ከዚያ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶ ዙሩ ከፍ ሲል በየቦታው ያለው ልዩነት ይመዘገባል። የስሮትል ቦዲውና የሱፐርቻርጀሩ አፍ ንባብ ሲቀናነስ የፕሌነሙ ድርሻ ይወጣል። ያ ቁጥር ነው "ልሥራው ወይስ ልተወው" የሚለውን የሚመልሰው።

በውሃ የተሞላ የዩ ቅርጽ ቱቦ ለመለኪያ ይሆናል?

ከስሮትል ቦዲ በፊት ላሉት ቦታዎች በጣም ጥሩ ነው። ርካሽ ነው፣ አይዋሽም። 10 ሴንቲ ሜትር የውሃ ልዩነት 1 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው።

ከስሮትል ቦዲ በኋላ ግን አደገኛ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ ላይ ባነሳችሁባት ቅጽበት የሚፈጠረው ቫኪዩም ውሃን 6 ሜትር ከፍ ማድረግ ይችላል። ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በሙሉ ተመጥጦ ሞተር ውስጥ ይገባል። ፕሌነሙ ላይ የኤሌክትሮኒክ ማፕ ሴንሰር (ግፊት መለኪያ) ተጠቀሙ። ባለ 1 ባር ይበቃል፤ እዚያ ቦታ ላይ ግፊቱ ከውጭው አየር አይበልጥምና።

በምን ልሥራው?

አልሙኒየም። 6061 ወይም 5052 የሚባሉት ዓይነቶች በቀላሉ ይገኛሉ፣ በአርጎንም ጥሩ ይበየዳሉ። ጠፍጣፋ ጎኖቹ ወፈር ይበሉ፤ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን እመርጣለሁ፣ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ከውጭ በኩል አጥንት ይበየድለት። የብየዳ ዘንጉ 4043 ቢሆን ይሻላል። 5356 የሚባለው ጠንካራ ነው፤ ሆኖም ከ65 ዲግሪ በላይ ለሚቆይ ሙቀት አይመከርም፣ ኮፈን ሥር ደግሞ ይህ ሙቀት የዘወትር ነው።

በሦስት ዳይሜንሽን ፕሪንተር የሚሠሩም አሉ። ቅርጹን ለመሞከር፣ ኮፈን ሥር መግባቱን ለማየት ግሩም ነው። ፒኤልኤ በሚባለው ፕላስቲክ የታተመን ግን ገጥማችሁ ሞተር አታስነሱ። 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። ለስልሶ በቫኪዩም ሲጨማደድ የሚሄደው ወዴት እንደሆነ አይተናል።

ቅርጹን በተመለከተ አንድ ቁጥር ያዙ። የላይትኒንግ ስሮትል ቦዲ ሁለት ባለ 57 ሚሊ ሜትር ቀዳዳዎች አሉት። ስፋታቸው ሲደመር 51 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። አየሩ የሚያልፍበት ቦታ የትም ጋ ከዚህ አይጥበብ። ከስፋቱ ይልቅ ግን ውስጠኛው መታጠፊያ ይበልጥ ይጎዳል። ቀጥ ተብሎ የተቆረጠ ጥግ ካለ አየሩ ከግድግዳው ተላቆ ይሽከረከራል፤ ሳጥኑ ሰፊ ቢሆንም የሚያሳልፈው ጠባብ ይሆናል። ያንን ጥግ በቧንቧ ቁራጭ አክብቡት።

የትኞቹን መስመሮች መርሳት የለብኝም?

ከሁሉ በፊት የባይፓስ ቫልቩን። ቀስ ብላችሁ ስትነዱ ሱፐርቻርጀሩ ያለ ሥራ አየር እንዳይጨምቅ፣ በቫኪዩም የሚከፈት ቫልቭ አለው። ነዳጅ ሙሉ ሲሰጥ ቫኪዩሙ ይጠፋና ስፕሪንጉ ይዘጋዋል። ይህ ቫልቭ ቫኪዩሙን የሚወስደው ከስሮትል ቦዲ በኋላ ካለው ክፍል ነው። አዲሱ ፕሌነም ላይ ቦታ ካልተሰጠው ባይፓሱ አይከፈትም። መኪናው ይሄዳል፤ ግን ሁሌ ይጨምቃል፣ አየሩ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል።

የፍሬን ማገዣው፣ የፒሲቪ (የሞተሩን የውስጥ ጋዝ መልሶ የሚያስመጥጥ ቫልቭ) እና የሌሎች ቫኪዩም ቱቦዎችም አሉ። የፋብሪካውን ከመፍታታችሁ በፊት ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፣ ቱቦዎቹ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ቁጥር ጻፉ። በተለይ የፍሬኑ መስመር ጠባብ ቀዳዳ ወይም የላላ ፋሼታ አይገባውም።

ሳልገጥመው በፊት አየር እንደማያስገባ እንዴት አውቃለሁ?

መጀመሪያ ፊቶቹ ጠፍጣፋ ይሁኑ። አልሙኒየም ሲበየድ ይጣመማል። ስለዚህ ፍላንጁ (በብሎን የሚታሰረው ጠርዝ) ሲበየድ ወፍራም ብረት ላይ በብሎን ታስሮ ይሁን። ሲቀዘቅዝ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱም በሰያፉም አሳርፉበት። ከሥሩ 0.1 ሚሊ ሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ከገባ ገና ነው። ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፋችሁ በእጅ እየፈተጋችሁ ማስተካከል ይቻላል፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ጥሩ ይወጣል።

ቀጥሎ ሁለቱን አፎች በወፍራም ሳህን ብረትና በጎማ ዝጉ። ትንንሾቹንም ቀዳዳዎች ድፈኑ። ከዚያ ጎሚስታ ከመነዳሪ እንደሚያደርገው ውሃ ውስጥ ከታችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ስጡት። ግፊቱ 20 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 3 ፒኤስአይ፣ አይለፍ። "ትንሽ ብጨምርስ?" አትበሉ። በዚች ግፊት እንኳ ያ 10 በ20 ክዳን በ40 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል። የኮምፕሬሰሩ ማስተካከያ ተበላሽቶ 90 ፒኤስአይ ቢለቅ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ይጎዳል። ፊታችሁን ከክዳኑ ትይዩ አታድርጉ።

አረፋው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ብየዳው ከጀመረበትና ካቆመበት ነጥብ ነው። እዚያ ላይ መርፌ የማትገባ ጉድጓድ ትቀራለች። ዓይን አያያትም፣ ውሃ ያያታል። የአረፋው ቦታ በጠቋሚ ቀለም ይከበብ፣ ይድረቅ፣ ተፍቆ እንደገና ይበየድ። በሲሊኮን መድፈንን አልቀበልም። ሞተሩ ሲመጥ ሲሊኮኑ ይላቀቃል።

የመጨረሻው ሥራው በሚሠራበት አቅጣጫ መሞከር ነው። የፍሬን አየር ማውጫ የእጅ ፓምፕ ገጥማችሁ 20 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም ፍጠሩ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ። መርፌው ባለበት ከቆመ አልፏል። በግፊት ያለፈ በቫኪዩም የሚወድቅበት ጊዜ አለ፤ ክዳኑ ወደ ውስጥ ሲሳብ ጓርኒሲዮኑ አንድ ጥግ ላይ ይላላል።

ጽዳቱ እንዴት ነው? ኮምፕሬሰር ብነፋበት አይበቃም?

አይበቃም። የሱፐርቻርጀር ሮተሮች እርስ በርሳቸው ሳይነካኩ በጣም ጠባብ ክፍተት ይዘው በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ይዞራሉ። የብየዳ ነጠብጣብ መሃላቸው ከገባች ቅባቸውን ትፍቃለች፣ ከዚያም ቁራጩ ወደ ኢንተርኩለሩ ይወርዳል።

የአልሙኒየም ፍርፋሪ ማግኔት አይይዘውም፤ ይህን የሚዘነጉ አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በሞረድና በሽቦ ብሩሽ የተንጠለጠለውን ሁሉ አራግፉ። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ በጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥግ ጥጉን እሹት። ቀጥሎ ገልብጣችሁ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያላችሁ ኳኩት። ሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። ጨርቁ ላይ አንዲት የምታብረቀርቅ ነጥብ ከታየች እጥበቱ ይደገማል። በመጨረሻ እጃችሁን በስስ የናይለን ስቶኪንግ ሸፍናችሁ ውስጡን ዳብሱ። ዓይን የማያየው እሾህ ክሩን ይይዘዋል።

ሲሊኮን የምትጠቀሙ ከሆነ ለኦክስጅን ሴንሰር የማይጎዳውን ምረጡ፤ ሲቀቡም ስስ። ከመገጣጠሚያው ተርፎ ወደ ውስጥ የሚንጠለጠል ሲሊኮን አንድ ቀን ተቆርጦ ይገባል።

ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) የለኝም። ቤት ውስጥ ሁለቱን ማወዳደር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ጠንካራ የጋራዥ ቫኪዩም ክሊነር ሱፐርቻርጀሩ በሚገጠምበት አፍ በኩል አስሩ። ስሮትል ቦዲውን በቦታው ግጠሙና ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ያዙት። የግፊት ኪሳራውን በውሃ ቱቦ ለኩ። እዚህ ውሃው ችግር የለውም፤ ሞተር የለም። ከዚያ ፕሌነሙን ብቻ ቀይሩና ድገሙ።

ውጤቱን ስታነቡ ግን ተጠንቀቁ። ኪሳራ ከአየሩ ፍሰት ጋር በካሬ ነው የሚያድገው። ቫኪዩም ክሊነሩ በደቂቃ 100 ኪዩቢክ ጫማ ቢስብ፣ ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ላይ 600 ቢስብ፣ ፍሰቱ 6 እጥፍ ሲሆን ኪሳራው 36 እጥፍ ይሆናል። የ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት መኪናው ላይ 36 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ግማሽ ፒኤስአይ ማለት ነው። ስለዚህ ሚሊ ሜትሯም ዋጋ አላት፣ ማስመሪያው በደንብ ይነበብ።

ተገጥሞ መጀመሪያ ሲነሳ ምን ልይ?

ከማስነሳት በፊት ሁለት ነገር። ስሮትሉ በእጅ ሲከፈትና ሲለቀቅ ሳይያዝ ይመለስ። ኮፈኑ ሲዘጋም ፕሌነሙን አይንካ፤ ሞተር በመያዣ ጎማዎቹ ላይ ስለሚንቀሳቀስ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

ሲነሳ ሚኒሞውን አዳምጡ። ከፍ ዝቅ የሚል ወይም በራሱ የሚጨምር ከሆነ አየር እየገባ ነው። ስካነር ሰክታችሁ ፊዩል ትሪሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ነዳጁ ላይ የሚደምረውን ወይም የሚቀንሰውን፣ ተመልከቱ። ሚኒሞ ላይ በመደመር ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ ዙር ሲጨመር የሚቀንስ ከሆነ ያልተቆጠረ አየር ምልክት ነው። ፒ0171 እና ፒ0174 የሚባሉት ኮዶች ሲመጡም ያው ነው፤ ሁለቱም ጎን ሳስቷል ማለት ነው። ቦታውን ለማግኘት የጭስ መሣሪያ ይሻላል። ካርቡራቶር ማጽጃ የሚረጩ ብዙ ናቸው፤ በጋለ ሞተር ላይ ተቀጣጣይ ነገር መርጨት ለእሳት መዳረግ ስለሆነ አልመክርም።

ኮፈኑ ከተከፈተ ዘንድ ካንዴላዎቹንም አደራ። ይህ ባለ ሁለት ቫልቭ 5.4 ሞተር ካንዴላ በመትፋት ይታወቃል፤ ቴስታታው ላይ የሚይዘው ጥርስ ጥቂት ነው። የላላ ካለ ሙሉ ነዳጅ ከመሰጠቱ በፊት ይታወቅ።

ቡስቱ ጨመረ፤ ጥሩ ነው? ቢቀንስስ?

ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ያለው መንገድ ሲሰፋ ቡስት ትንሽ ይጨምራል፤ የሚጠበቅ ነው። ከሱፐርቻርጀሩ በኋላ ያለው ሲሰፋ፣ ለምሳሌ ማርሚታው ወይም ቴስታታው ሲሠራ፣ አየሩ ቶሎ ስለሚያልፍ ቡስቱ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ግን ይጨምራል። ስለዚህ የቡስት መርፌ ብቻዋን ዳኛ አትሆንም። አየሩ ስለጋለም ከፍ ልትል ትችላለች። የማፍ ሴንሰሩን ንባብና የአየሩን ሙቀት አብራችሁ መዝግቡ። ቡስትና የአየር ፍሰት አብረው ከጨመሩ፣ ሙቀቱም ካልተነሳ፣ ያን ጊዜ ፕሌነሙ ሠርቷል።

ዳይኖ ላይ ስወስደው እንዴት ልፈትሽ?

የፋብሪካው፣ የራሳችሁ፣ ከዚያ እንደገና የፋብሪካው። ሦስተኛውን ዙር ሰዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ያለሱ ውጤቱን አላምንም። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ቁጥር ካልተቀራረቡ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የኢንተርኩለሩ ውሃ ሞቆ ነው።

ከእያንዳንዱ ሩጫ በፊት የሞተሩም የኢንተርኩለሩም ውሃ ወደ አንድ ዓይነት ሙቀት ይመለስ። ማርሹ፣ የሚጀመርበት ዙር፣ የጎማው ነፋስ፣ ነዳጁ አይቀየር። በእያንዳንዱ ፕሌነም ቢያንስ ሦስት ሩጫ አድርጉና መካከለኛውን ያዙ። ዳይኖ በሁለት ተከታታይ ሩጫዎች መካከል ጥቂት የፈረስ ጉልበት ልዩነት ማሳየቱ የተለመደ ነው። ከላይ ያሰላናት 4 የፈረስ ጉልበት እዚያ ልዩነት ውስጥ ትጠፋለች። የግፊት ኪሳራው መለኪያ ግን ያሳያታል። ለዚህ ነው ከዳይኖው ወረቀት ይልቅ ማፕ ሴንሰሩን የማምነው።

መንገድ ላይ ሙሉ ነዳጅ ሰጥቶ መሞከር የሚፈልግ የውድድር መስመር ይፈልግ። ሰው የሚሄድበት መንገድ ላይ አይሆንም።

ሞተሩን እንዳልጎዳ ምን ልጠብቅ?

ዋይድባንድ የኦክስጅን ሴንሰር (ድብልቁን በቁጥር የሚያሳይ) ሳይኖር ሙሉ ነዳጅ አትስጡ። ሱፐርቻርጀር ያለው የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጭነት ላይ የአየርና የነዳጅ ድብልቁ ከ11.5 እስከ 12 ለ1 አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል። ወደ 13 ሲጠጋ እግራችሁን አንሱ። ማፍ ሴንሰሩም ጣሪያ አለው። ቮልቱ 5 ጋ ከተጠጋ፣ ከዚያ በላይ የሚገባውን አየር ኮምፒውተሩ አያየውም። አዲሱ ፕሌነም ጥሩ ሆኖ አየር ከጨመረ ወደዚህ ጣሪያ ያቀርባችኋል። ቤንዚኑ ኦክቴኑ 91 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ኖክ ሴንሰሩ (ሞተሩ ሲያንኳኳ የሚሰማው) የካንዴላውን ተኩስ ወደ ኋላ መሳብ ከጀመረ የዚያ ቀን ሙከራ አብቅቷል።

የምኖረው ዴንቨር ነው። ቨርጂኒያ ያለው ጓደኛዬ 8 ፒኤስአይ ያያል፣ እኔ ግን 6.5። ፕሌነሜ ነው ችግሩ?

ከፍታው ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የውጭው አየር 83 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። በ1.54 ሲባዛ 128 ይመጣል፤ ቡስቱ 45 ኪሎፓስካል፣ ማለትም 6.5 ፒኤስአይ። ምንም አልተበላሸም። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን የውጭው አየር 76 ኪሎፓስካል ገደማ ስለሆነ ከዚህም ይወርድ ነበር። የሁለት ከተማ ቁጥር ሲወዳደር ቡስት ተትቶ የመውጫና የመግቢያ ግፊት ሬሾ (የመውጫው ሙሉ ግፊት ለመግቢያው ሲካፈል) ይወዳደር።

ሕጋዊ ነው?

አሜሪካ ውስጥ የልቀት መቆጣጠሪያን የሚነካ ለውጥ በፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ እንዲህ ላለ ተጨማሪ ዕቃ የአየር ሀብት ቦርዱ የሚሰጠው የፈቃድ ቁጥር ትጠይቃለች፤ በቤት የተሠራ ይህ ቁጥር የለውም፣ ስለዚህ በዓይን ፍተሻው ይወድቃል። በሰሜን ቨርጂኒያና በዴንቨር አካባቢም የልቀት ምርመራ አለ። የፋብሪካውን ፕሌነም ከነጓርኒሲዮኑ በካርቶን አስቀምጡት፤ አትሽጡት።

አገር ቤት ላለው ኢሱዙ ይህ ፍተሻ ይሆናል?

ከፊሉ ይሆናል። በናፍጣና በተርቦ የሚሠራ ኢሱዙ ላይ ከተርቦው በኋላ ያለው መስመር የሚነፋ እንጂ የሚመጠጥ አይደለም። ቀዳዳ ሲኖር አየር ይወጣል። መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ስለዚህ እዚያ የሚያስፈልገው በዝቅተኛ ግፊት ነፍቶ የሳሙና ውሃ መቀባት ነው። የጽዳቱ ጉዳይ ግን አይለወጥም።

ሁሉንም አልፏል። ከዚህ በኋላስ?

ብሎኖቹ ከጥቂት ሙቀትና ቅዝቃዜ በኋላ ይላላሉ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ በሰያፍ ቅደም ተከተል ደግማችሁ አጥብቁ። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ፍቱትና የብየዳውን ጥጎች በቀለም መፈተሻ ፈሳሽ እዩ፤ ስንጥቅ ከጀመረ ከጥግ ነው የሚጀምረው። ዘይት ስትቀይሩ ፊዩል ትሪሙን አንብቡና የዚያን ቀን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ካደገ የሆነ ቦታ መምጠጥ ጀምሯል፤ የእጅ ፓምፑን እንደገና አውጡ።